ጅራት የሌለው ደመወዝ

ቶሎቶሎን ይህን ሙያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለመኩራራት አይደለም የምለው፣ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ዛሬ ምክትል አስተዳዳሪ ነው፤ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። ያኔ ግን ገና ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ደመወዝ ጥናት ክፍላችን ሲመጣ፣ ወንበሩን ከጠረጴዛዬ አስጠግቶ «እታለም ይሄ ምንድን ነው፣ እታለም ያ ምንድን ነው» እያለ ልቤን የሚያወልቅ ጎረምሳ ነበር። ሲራመድም ሲያወራም ስለሚጣደፍ ቶሎቶሎ ያልነው እኛው ነን። እኔን እታለም ማለት የጀመረው ደግሞ እሱ ነው፤ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተከተለው።

ሥራችን ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል። የክልሉን ባለሥልጣናት ደመወዝ የሚወስን ኮሚሽን አለ፤ እኛ ለኮሚሽኑ እናጠናለን። የአስተዳዳሪው ብዙም አያስቸግርም፤ አስተዳዳሪ የትም ቢሄዱ አስተዳዳሪ ነው። ጣጣው ያለው ምክትሉ ላይ ነው። አንዱ ክልል ያለው ምክትል ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ መጥቶ፣ ጉባኤውን መርቶ ወደ ግል ሥራው የሚመለስ ነው። ሌላው ጤናውንም መንገዱንም ደርቦ ሲመራ ይውላል። ሌላው ደግሞ አለቃው እስኪታመም ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁሉም ግን ምክትል ይባላሉ። ስማቸውን ብቻ አይቶ ደመወዛቸውን ጎን ለጎን የሚደረድር ሰው ገና ሥራውን አልጀመረም። ለቶሎቶሎ መጀመሪያ የነገርኩት ይሄንን ነበር፤ ሥራውን ከሥራው ጋር አስተያይ፣ ገንዘቡ ኋላ ይደርሳል አልኩት።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጅራቱ ነው። ጅራት የምንለው ከደመወዙ ኋላ የሚጎተተውን ነው፤ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ ጥበቃውን። ክልሎቹ የሚለዋወጡት ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ዋናውን ደመወዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጅራቱን ማወቅ የፈለገ ስልክ ያነሳና የዚያኛውን ክልል ባለሙያ ይጠይቃል፤ ያም በቃሉ ይነግረዋል። ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። እኔ «የእኛው ይሄ አለው፣ ይሄ የለውም» ካልኩ አለቀ፣ ያምኑኛል። በዚህ ሙያ ከቃሌ ሌላ ሀብት አልነበረኝም፤ በሱም ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ከሁሉም የምቀርባት ከወንዙ ማዶ ያለው ክልል ባለሙያ ናት። የወንዝ ማዶዋ ነው የምላት። በዓይን ተያይተን አናውቅም፤ ግን ጉንፋን ሲጀምራት ከእሷ ቀድሜ አውቃለሁ። ልጇ ከሚስቱ ሲጣላ ያማከረችው እኔን ነው። እኔም የባሌን ኩርፊያ ለእህቶቼ ያልነገርኩትን ለእሷ ነግሬያታለሁ።

ቶሎቶሎ በተሾመ በዓመቱ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ የሬዲዮኑን ሆድ ከፍቶ ይጎረጉራል። ቶሎቶሎ ሰላም ብሎት አጠገቤ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ሰው ፊት ሰው መስዬ ነው እንጂ አልቻልኩም» አለኝ። «የመንገዱ ኃላፊ ለእኔ ተጠሪ ነው፤ የውሃውም፣ የጤናውም። የሁሉም ደመወዝ ግን ከእኔ ይበልጣል። ስብሰባ ስመራ በዓይናቸው ይሳሳቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«አስተዳዳሪው ሲሄድ ወንበሩን የምይዘው እኔ። ጎርፍ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ የምገባው እኔ። ደመወዜ ግን ምክትል የግማሽ ቀን ሥራ በነበረበት ዘመን የተወሰነው ነው። በዚህ ከቀጠለ ለቅቄ እወጣለሁ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ይሄንን ዛሬም አልክድም። «ታዲያ ለእኔ ምን አመጣህ? የኮሚሽኑን ሰብሳቢ አናግረዋ» አልኩት።

«ጠፍቶሽ ነው እታለም? የራሴን እኔ እንዴት እጠይቃለሁ?»

አልጠፋኝም። ደንባችን ባለሥልጣን ለራሱ ጭማሪ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። አንድ ባለሙያ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ተነሳሽነት ማጥናት፣ መፈረም፣ ከዚያም በአደባባይ ስብሰባ ላይ ቆሞ ማስረዳት አለበት። በተግባር ግን ከኋላ ሹክ የሚል ሁልጊዜ አለ፤ ይሄን ከሰብሳቢው እስከ በር ጠባቂው ሁሉም ያውቃል። ብቻ ሹክ ያለው ሰውዬ በስብሰባው ቀን ይመጣና ስለ ሥራው አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ባለሙያውን ለብቻው አያስመታውም። ልማዱ ይሄ ነው። እኔ ግን በልማዱም ቢሆን ለማንም ፈርሜ አላውቅም ነበር። ስሜ ከባለሥልጣን ጭማሪ ጋር እንዲነሳ አልፈልግም፤ ይሄንንም ነገርኩት።

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?» አለኝ። «እጄን ይዘሽ ያስተማርሽኝ እኮ ነኝ። አንቺ ፈርሚ፤ ከጎንሽ ቆሜ ሥራዬን አንድ በአንድ እናገራለሁ።»

ሆዴ ባባ። እሺ አልኩት።

ሲወጣ ባለቤቴ በመስኮት አየውና «ለሰው ደመወዝ ታስጨምሪያለሽ፣ የእኔን ሱሪ ቀዳዳ ግን አላየሽም» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወው። «መኪናውን ግን ለምን ማዞሪያው ላይ አቁሞ በእግሩ መጣ? ከሹፌሩ የሚደብቀው ምን አለ?»

«ሰው እንዳያየው ነዋ፤ ደንቡን ታውቅ የለ» አልኩት። የሹፌር ነገር፣ ሁሉንም የሚለካው በመኪና ነው ብዬ ተውኩት።

ለወንዝ ማዶዋ ደውዬ ነገሩን ሳልደብቅ አጫወትኳት። «ለምኖኝ ነው፤ እምቢ ማለት አቃተኝ» አልኳት።

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «የእኛዋም ምክትል የሁለት ሰው ሥራ ተሸክማ በግማሽ ደመወዝ ነው ያለችው። ልጆቿን የምታስተምረው ተበድራ ነው። የእኛ ኮሚሽን ደግሞ እናንተን ሳያይ ንቅንቅ አይልም። የእናንተ ካለፈ የእሷም ያልፋል።»

በደንብ ሠራሁት። የጉባኤ መሪውን ምክትል ከጉባኤ መሪው ጋር፣ የሙሉ ቀኑን ከሙሉ ቀኑ ጋር አስቀመጥኩ። ሰፊ ጅራት ያላቸውን ለይቼ አወጣሁ። የእኛው ምክትል ጅራት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በራሱ ቤት የሚኖር፣ በአንዲት አሮጌ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚንቀሳቀስ ነው። ከእኩዮቹ ሁሉ ኋላ እንደቀረ ማንም ያየዋል። ከሥሩ ፈረምኩ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በዚያ ሰሞን ዳቦ ተወዷል፣ የአውቶቡስ ዋጋ ጨምሯል፤ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ ነው የተቀመጠው። የሬዲዮ ሰዎች ማይካቸውን ደርድረዋል። ቆሜ አስረዳሁ። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ግን ራሱን ነቀነቀልኝ። ጎርፉን ሳነሳማ ከኋላ አንዲት ሴትዮ «እሱስ እውነት ነው» ስትል ሰማኋት። ቶሎቶሎ ከጎኔ ተነሳ። አሁን ሥራውን ይዘረዝራል ብዬ ተንፈስ አልኩ።

«ወገኖቼ» አለ፤ የወትሮው ጥድፊያ የለም፣ ቀስ ብሎ ነው። «እኔ ይህን ጭማሪ አልጠየቅኩም። ሕዝቡ ዳቦ መግዛት ባቃተው ጊዜ የባለሥልጣን ደመወዝ ሲደምር የሚውል ባለሙያ መኖሩን ዛሬ ስሰማ አፈርኩ። አልቀበለውም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ፤ እሱ የውሃውን ጠርሙስ ያያል። ሸምጥጦ ካደኝ፣ ያውም ትከሻው ትከሻዬን እየነካ።

ሰብሳቢው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያዋ፣ ለመሆኑ የጠየቀሽ ሰው ነበር?»

ነበር ብል በሐሰት ፈርማለች ልባል ነው፤ ተነሳሽነቱ የራሴ ነው ብዬ ፈርሜያለሁና። ማስረጃ አምጪ ቢሉኝ ደግሞ ያለኝ ምስክር ባሌ ብቻ ነው፤ የባልን ምስክርነት ማን ይሰማል? ይህን ልጅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ መውጫ እንደሌለኝ አሳምሮ ያውቃል።

«ማንም አልጠየቀኝም» አልኩ። «በራሴ ነው።»

ያንን ቃል ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ደጋገመው። ሱቅ ስሄድ «ለባለሥልጣን የምትለምነዋ መጣች» የሚል ሹክሹክታ ይቀበለኛል። ሳምንት ሳይሞላ ከጥናት ክፍል አንሥተው ንብረት ክፍል ወረወሩኝ። አሁን ሥራዬ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው። ባለቤቴ እንኳ ቀልዱን ተወ፤ ማታ ማታ ዜና ሲደርስ ሬዲዮኑን ቀስ ብሎ ያጠፋዋል። ወንዝ ማዶ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት አለቃዬ «አዲስ የታደሰ መኖሪያ አለ፤ ሄደሽ ዕቃው ላይ ቁጥር ለጥፊ» አለኝ። የማን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሩ ላይ ጥበቃ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና አለ፤ የአንደኛው ወንበር ላይ ያለው ላስቲክ ገና አልተነሳም። ገባሁና ከመኝታ ቤት ጀመርኩ። አልጋው ላይ ለጠፍኩ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፣ ሳሎን ወጥቼ ሶፋው ሥር በርከክ እንዳልኩ ከኋላዬ የማውቀው ጥድፊያ ተሰማኝ።

«እታለም» አለ ቶሎቶሎ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ ብሏል።

«ቤቱ ያንተ ነው?»

«የመንግሥት ነው እንጂ የእኔ እንዴት ይሆናል? እኔ የምኖርበት ነኝ።»

«መኪኖቹስ? ጥበቃውስ? ይሄ ሁሉ ኮሚሽኑ ፊት ቀርቧል?»

ከምግብ ጠረጴዛው አንዱን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይሄ ደመወዝ አይደለማ፣ ኮሚሽኑን አይመለከተውም። ይሄን እንኳን አንቺ ሕፃን ልጅም አያጣው። ጅራቱ ሠንጠረዡ ላይ አይወጣም ብለሽ ያስተማርሽኝ ማን ሆነሽ ነው? ያንን ጭማሪ ብቀበል የሕዝቡ ዓይን ውስጥ እገባ ነበር። አልቀበልም ብዬ ስሜ በመልካም ሲነሳ ግን ይሄን ማን ይጠይቀኛል? እውነቱን ልንገርሽ፤ አንቺ ጭማሪውን ባታቀርቢልኝ እምቢ የምለው ነገር አይኖረኝም ነበር።»

እሑድ ቀን ቤቴ ሲመጣ ይህን አስቦ ነው የመጣው። ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብሎ «ከጎንሽ እቆማለሁ» ሲለኝ፣ ተነሥቶ የሚክድበትን ቃል በሆዱ ይዞ ነው። ደሜ ፈላ። እዚያው ፊቱ ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ወንዝ ማዶ ደወልኩ። ያን ቀን አነሳችው።

«እታለም ነኝ። ጻፊ፤ የእኛ ምክትል ጅራት አለው። ቤት ከነሙሉ ዕቃው፣ ሁለት መኪና፣ ጥበቃ።»

«ከመሥሪያ ቤታችሁ ጠይቄያለሁ» አለችኝ። «ጅራት የለውም ብለውኛል።»

«ዋሽተውሽ ነው። ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነው የምነግርሽ።»

«እታለም፣ ለእኔ ለምኖኝ ነው አልሽኝ። ስብሰባው ላይ ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም አልሽ። በገዛ ድምፅሽ በሬዲዮ ሰማሁት። አሁን የትኛውን ቃልሽን ልጻፍ?»

«ያኔ እኮ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኝ ነው።»

«ይሆናል። የእኛዋ ምክትል ግን ‹የማዶው እምቢ ሲል አንቺ ምነው ስስታም ሆንሽ› ተብላ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ጥናቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ የሠራሁትም ባንቺ ቃል ተማምኜ ነው። አልተቀየምኩሽም። ግን ከእንግዲህ የምጽፈው ከጥናት ክፍል የተነገረኝን ብቻ ነው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ቶሎቶሎ ሁሉንም ሰምቷል። ትንሽ እንኳ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ መሰለ፣ ይሄ ነው ይበልጥ አንጀቴን ያሳረረው።

«እታለም፣ በእልህ ራስሽን አትጉጂ» አለኝ። «ጥናት ክፍል ያሉት አዲሶቹ ልጆች የሚያሳያቸው አጥተዋል። አንድ ቃል ብናገር ነገውኑ ትመለሻለሽ። እንደ እኔ አድርገሽ ታሠለጥኛቸዋለሽ።»

ያ ክፍል ሲናፍቀኝ ነው የከረምኩት። ጠረጴዛዬ፣ መስኮቱ፣ ስልኩ ሁሉ ዓይኔ ላይ ሄዱ። ያንን ስልክ ባነሳው ግን ከማዶ ማን ያምነኛል?

«ይነሡልኝ ጌታዬ» አልኩት። «የተቀመጡበት ወንበር ቁጥር አልተለጠፈበትም።»

ሳቅ ሊል ፈለገና ፊቴን አይቶ ተወው። ተነሳ። ወንበሩን ገልብጬ ከሥሩ ለጠፍኩ፣ መልሼ አቆምኩት፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «እታለም» ብሎ ተጣራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም እታለም ብሎ ቢጠራኝ አልዞርም።