የሻይ ቆርቆሮው አፈር

ቦዜና የሻይ ቆርቆሮውን ገልብጣ ቂጡን በመዳፏ ደጋግማ መታችው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ጉድ ፈላ!» አለች።

ባሏ ጄኔራል ሴቬሪን ዛሬምባ ሳሎን ውስጥ፣ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። እንደ አገራቸው የለቅሶ ወግ መስተዋቱ ተሸፍኗል፣ የግድግዳው ሰዓት እንዲቆም ተደርጓል፣ ሴቶቹ መቁጠሪያ ይዘው ይጸልያሉ። ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ የሚኖሩ ፖላንዳውያን ደግሞ የአገራቸውን አፈር ሳይበትኑበት ሰው ቀብረው አያውቁም። ያ አፈር ሁልጊዜ የሚመጣው ከዚህ ቆርቆሮ ነበር።

የጄኔራሉ የድሮ ሃምሳ አለቃ፣ ክሌሜንስ ፒሬክ፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆዎች ይዞ ወደ ኩሽና ገባ። ቆርቆሮውን ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው!» አለችው ቦዜና።

«እሜቴ፣ እኔ ሃምሳ አለቃ ነኝ። ጄኔራል ያደረገውን አውቃለሁ አልልም።»

«ክሌሜንስ!»

«ለማዙር ቀብር ሰጡት፤ ለወጥ ሠሪያችን። የመጨረሻዋን ማንኪያ።»

ቦዜና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያን አፈር ጄኔራሉ ያነሳው አገሩ በተወረረችበት መከር ነው። ብርጌዱን አንድ መድፍ ሳይጥል፣ አንድ ቁስለኛ ሳይተው፣ በተራራው አሻግሮ ሃንጋሪ ድንበር ላይ ሲደርስ ሰልፉን አስቆመ። ወታደሮቹ ንግግር ሊያደርግ ነው ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። እሱ ግን ከፈረሱ ወርዶ፣ የራሱን ሻይ ቅጠል ሜዳ ላይ ደፍቶ፣ ቆርቆሮውን አፈር ሞላው። «እስክንመለስ ይበቃናል» ብሎ ፈረሱ ላይ ወጣ። ንግግሩ ይኸው ነበር።

አልተመለሱም። በሰው አገር ተዋግቶ በሰው አገር አሸነፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ አዲሶቹ የዋርሶ ኮሚኒስት ገዥዎች ዜግነቱን ገፈፉት፣ እንግሊዞቹም አመስግነው አሰናበቱት። ምስጋና ሆድ አይሞላምና ሶፋ ፋብሪካ ተቀጥሮ ጨርቅ ሲወጥር ኖረ። እሱ ባለፈ ቁጥር እዚያው የሚሠሩት የድሮ ወታደሮቹ ሥራቸውን ጥለው ይነሱ ነበር። እንግሊዛዊው ፎርማን «ማን መጣ ብላችሁ ነው?» እያለ ይጮሃል። «ጄኔራሉ» ይሉታል። «የቱ ጄኔራል?» «ያ መዶሻ የያዘው!»

ከመካከላቸው አንዱ በሞተ ቁጥር ደግሞ ቆርቆሮውንና የሻይ ማንኪያውን ይዞ ይመጣል። ለኮሎኔልም አንድ ማንኪያ፣ ለተራ ወታደርም አንድ ማንኪያ።

«‹ለእርስዎስ፣ ጌታዬ?› ብያቸው ነበር» አለ ፒሬክ። «‹ጄኔራል መጨረሻ ነው የሚበላው፤ ካልተረፈም ጾሙን ያድራል› አሉኝ።»

«ይኼ ግትር ሽማግሌ!» አለች ቦዜና። ከዚያ በፎጣው ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

የበሩ ደወል ጮኸ። አዲስ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት ነጭና ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት የእንጨት ሣጥን አቅፎ ቆሟል። ከዋርሶ መንግሥት ቆንስላ ነው የመጣሁት አለ።

«ከጄኔራሉ የትውልድ መንደር የመጣ አፈር ነው፣ እሜቴ። ነገ በመንግሥታችን ስም እንድንበትነው ይፍቀዱልን።»

ሴቶቹ ጸሎቱን አቋረጡ። ቦዜና ክዳኑን ከፈተች። ጥቁር ነው፣ ርጥብ ነው፣ ድንች የተነቀለበት ማሳ ይሸታል። ባሏ ይህን ሽታ እንደተመኘ ሞቷል። መቀበል ፈለገች፣ አጥብቃ ፈለገች።

«ዜግነቱንስ አብረህ አመጣኸው?»

«እሱ እንኳ… በእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«ታዲያ የአገራችን ሰው አይደለም ያላችሁትን ሰው በማን አገር አፈር ልትቀብሩት ነው?» ክዳኑን ዘጋችው። «ና ግባ፣ የፖፒ ፍሬ ኬክ አለ፣ ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ። ጠቤ ከአንተ ጋር አይደለም፣ ከላኩህ ጋር ነው።»

ልጁ ሻዩን ጠጥቶ ሣጥኑን ይዞ ሄደ።

«ደግ አደረጉ፣ እሜቴ» አለ ፒሬክ። «ግን ነገ ምን ልንበትን ነው?»

ቦዜና ከመሳቢያው የሻይ ማንኪያውን አወጣች። «ኮትህን ልበስ። አፈሩን የሰጣቸው ልጆች የት እንደተቀበሩ እናውቅ የለም እንዴ?»

መቃብር ቦታው ሲደርሱ ከማዙር መስቀል ሥር ተንበረከከች። «ማዙር፣ እንዳትቆጣ፣ ለጄኔራሉ ነው» አለችና አንድ ማንኪያ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ወደሚቀጥለው መቃብር ሄደች።

«እሜቴ፣ ይኼ እኮ የእንግሊዝ አፈር ተቀላቅሎበታል» አለ ፒሬክ ከኋላዋ።

«እኛስ አልተቀላቀልንም? አንተ ራስህ እንደ እንግሊዞቹ ሻይ በወተት ትጠጣ የለም!»

ፒሬክ ቆርቆሮውን ያዘላት።

በማግስቱ ሬሳ ሣጥኑን የድሮ ወታደሮቹ ተሸከሙት። ጡረታ የወጣው የሶፋ ፋብሪካው ፎርማንም መጥቶ ኖሮ፣ ሣጥኑ ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ ቀጥ አለ። ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርሱ ቦዜና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። አንዳንድ ማንኪያ እየበተነች አፈሩን የሰጣትን ሰው ስም ጮክ ብላ ጠራች፣ ከማዙር ጀምራ። ከዚያ በድንገት አቆመች።

«ትንሽ ቀርቷል፣ እሜቴ» አለ ፒሬክ ቀስ ብሎ። «ይጨርሱት እንጂ።»

«መጨረሻ የሚበላው እሱ ነው አላልከኝም? የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው፤ እናንተ ሳትጠግቡ አይጨርስም።» ክዳኑን ከድና ቆርቆሮውን ፒሬክ ደረት ላይ አስደገፈችለት። «ያዝ። ደግሞ አትቸኩል።»

ማንኪያውን ግን አልሰጠችውም። ከነአፈሩ ጓንቷ ውስጥ ጨብጣው ወደ ቤት ሄደች።