ያልተጻፈው ግማሽ ገጽ

ጋሼ የፍልስፍና መምህር ነበሩ፤ እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእጅ ጽሑፋቸውን የገለበጥኩላቸው ታይፒስት ነኝ። ጽሑፋቸው ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያነበው አልነበረም። አንድ የሚያናድድ ልማድ ነበራቸው፤ እርግጠኛ ያልሆኑበት ነገር ላይ ሲደርሱ ገጹን ባዶ ይተዉታል። «ለአንባቢ አላውቅም ማለት ነውር የለውም፤ የማያውቁትን እንዳወቁ አድርጎ መጻፍ ግን ስርቆት ነው» ይሉኛል። እኔም በሆዴ «ወረቀት በነጻ ይመስላቸዋል» እያልኩ እንደታዘዝኩት እተወዋለሁ።

የመጨረሻውን መጽሐፍ የጀመሩት አንዲት ሴት ልጃቸው በሃያ ሁለት ዓመቷ ከሞተች በኋላ ነው። የመዝጊያው ምዕራፍ «የሞቱብንን ዳግም እናገኛቸው ይሆን?» ብሎ ይጠይቅና ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። እሱን ሰጥተውኝ በሳምንቱ አረፉ።

አሳታሚው ደወለ። «እዚህ ጋ የዘለልሽው አለ እንዴ?» አለኝ። አንዲት መስመር ዘልዬ አላውቅም፤ ደሜ ፈላ። «ጋሼ ባዶ የተዉት ነው» ብዬ ብመልስለት ይበቃ ነበር። ግን እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ይህን ባዶ ሲያዩት ምን ሊሆኑ ነው ብዬ አንጀቴ አልችል አለ። የጋሼን አነጋገር እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ቁጭ ብዬ ስድስት መስመር ጻፍኩ፤ ባጭሩ «አዎ፣ እናገኛቸዋለን» ይላል። እውነቱን ለመናገር አምሮልኝም ነበር።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ እትዬ አንዱን ቅጂ ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ያችን ገጽ ከማንበብ ብዛት ጠርዟ ተበልቷል።

«ልጃችን ከሞተች ጀምሮ አባቷ ስሟን አንስቶልኝ አያውቅም» አሉኝ። «ስጠይቀው ዝም ነው። ተቀይሜው ነበር የኖርኩት። ለካ ልቡ ያምን ኖሯል! ይኸው አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል። በይ ልጄ፣ በገዛ እጁ የጻፋትን ስጪኝና ላስቀምጣት።»

ጠፋ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በወረቀት መዋሸቱ አላቃተኝም፤ ዓይናቸውን እያየሁ ግን አልሆነልኝም። መሳቢያውን ከፍቼ የጋሼን ወረቀት ሰጠኋቸው።

ጥያቄውን አነበቡ። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባውም ንጹህ ነው።

«የቀረውስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቢጮሁብኝ በወደድኩ። መዳፋቸውን ባዶው ላይ አሳርፈው ቆዩ። እዚያ ጋ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳስቷል። ጋሼ ስንት ጊዜ ጽፈው ስንት ጊዜ እንዳጠፉ እኔም ገና ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

«እሱም አያውቅም ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ አውቆ የሚከለክለኝ ነበር የሚመስለኝ። ሁለታችንም ካላወቅን አብረን እናለቅስ ነበር።»

ገጹን ባዶ ብተወው ኖሮ ይህን ከራሳቸው ከጋሼ ነበር የሚሰሙት፤ እኔ መሃል ገብቼ አፋቸውን ዘጋሁባቸው።

እትዬ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውት ነው የሄዱት።