የሚስትየዋ መውጫ

«አልቅሺ እንጂ!» አለ ናያል ከአዳራሹ መሃል። «ባልሽ ሌላ ወደድኩ እያለሽ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ትገተሪያለሽ?»

ብሪዮኒ መድረኩ ላይ ቆማለች። እንባዋ ባዘዘችው ጊዜ የሚመጣላት ተዋናይት ናት፤ ዛሬ ግን ውስጧ ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ሆኗል። ናያል የቴአትሩ ደራሲም አዘጋጅም ነው፤ ባሏም ነው። ቴአትሩ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ንጉሡንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ጋብቻንም እንቢ ስላሉ ወጣት ገጣሚዎች ነው። አንደኛው ገጣሚ ሚስቱን ትቶ ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ይኮበልላል። ሚስትየዋን ብሪዮኒ፣ ልጃገረዷን ታምሲን ይጫወታሉ።

ጠዋት ናያል ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ «እኔና ታምሲን ተዋደናል» ብሏት ነበር። «አንቺንም አልተውሽም። ሦስታችንም አብረን መኖር እንችላለን። ሰው ንብረት አይደለም፣ ብሪ።»

ገጣሚው በሁለተኛው ገቢር የሚለው ቃል በቃል ይኸው ነው። እሷም፣ «ሻይህ ቀዘቀዘ» አለችው።

በእረፍት ሰዓት ታምሲን ዓይኗ ቀልቶ ከመጋረጃው ጀርባ መጣች።

«ነገረሽ አይደል? ስደቢኝ፣ በጥፊ በይኝ፣ የሆነ ነገር አድርጊ።»

«ምን ላድርግሽ?»

«እኔኮ ‹ብሪ ታውቃለች፣ ተስማምታለች› ብሎኝ ነው። ካለፈው በጋ ጀምሮ አብረን ነን።»

ባለፈው በጋ ብሪዮኒ እናቷን ቀብራለች። ናያል ሥራ በዛብኝ ብሎ ከቀብሩ ቀርቶ ነበር። ያም ትዝ ሲላት የጎረቤት ወሬ የምትሰማ መሰላት። የታምሲን ቀሚስ አንገቱ ላይ ተከፍቶ ስላየች ቆለፈችላት።

ልምምዱ ቀጠለ። ገጣሚውን የሚጫወተው ዴክላን የታምሲንን እጅ ይዞ፣ «ነፃ ነሽ፤ እኔም ነፃ ነኝ» አለ። እዚህ ላይ ሚስትየዋ እያለቀሰች ቤቱን ለሁለቱ ለቅቃ መውጣት ነበረባት። ብሪዮኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ብሪ፣ መውጫሽ ነው!» አለ ናያል።

«አልወጣም።»

«ምን ማለት ነው? ጽሑፉ ትወጣለች ይላል።»

«የተዋደዱት እነሱ ናቸው። እነሱ ይውጡ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ የሚከተለው ግን አላገኘም። ታምሲን የዴክላንን እጅ ለቀቀች። ናያል መድረኩ ሥር ድረስ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስለ ቴአትሩ ነው የምታወሪው?»

«ስለ ቴአትሩም።» ድምጿ ላይ ቁጣ የሚባል አልነበረም። «ዛሬ እኔ ሳልመጣ ዕቃህን ከቤት አውጣ።»

ከዚያ ወደ ዴክላን ዞረች።

«በል ቀጥል፣ የኔ ወንድም» አለችው። «በሩ በዚያ በኩል ነው።»