የሚያጉረመርመው ስፒከር

“ይሄኛው ጉንፋን ይዞታል” አለች ሚጢ፣ ጣቷን ከጊታሩ ክር ላይ አንስታ። “ሌላውን ሞክርልኝ ጋሼ።”

አጎቷ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ አጠፋ። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀለ፤ ነቅሎም አላመነም፣ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑ ሥር አስቀመጠው። ስፒከሩን የነካው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ከመኪና በር የወጣ መዳፍ የሚያህል ስፒከር ነበር፤ እሱን “ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ” ብላ አሰናብታዋለች። ከገበያ የተገዛው አዲሱ ደግሞ ይኸው ጉንፋን ያዘው።

ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው። ድሮ የማይጠግነው ነገር አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የባንድ ማጉያውም ወደ እሱ ነበር የሚመጣው። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሁሉ “ዓይኔ ደክሟል” እያለ ይመልሳል። ያ ደካማ ዓይን የሴት ሰዓት ብሎን በጥፍር ጫፍ እያነሳ እንደሚገጥም ደንበኞቹ ያያሉ፤ ይታዘቡታል እንጂ አይጠይቁትም። የቤቱን ፍሪጅ ሳይቀር ሸጦታል። ሚስቱ “ምን ነካህ?” ስትለው፣ “ድምፁ አያስተኛኝም” አላት። እውነቱን ነበር።

ሚጢ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት። ነርስነት ትማራለች፤ ጊታሩን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ከእጇ አልለየችውም፣ የአባቷ ነውና። ከሦስት ወር በፊት መጥታ “እንደ አባዬ ማጉያ በድሮ ሬዲዮ አምፖል የሚሠራ፣ ትንሽዬ ሥራልኝ” ስትለው እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። ሠራላት። ሠርቶ ከጨረሰ ግን ወር አልፎታል፤ “የሚስማማው ስፒከር አልተገኘም” እያለ ያጓትታታል። እንዲህ ያለ ማጉያ ያለ ስፒከር አይበራም፣ ይቃጠላል። ካልበራ ደግሞ ልጅቷ ክሩን አትነካም። የእሱ ሒሳብ ይህ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት ትዕግሥቷ አለቀና በአንድ እጇ ጊታሯን፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ሱቁ ድረስ መጣችበት።

“እስቲ ይሄን” አለች አሁን፣ ጨርቁን እየፈታች።

ገና ጠርዙን ሲያይ አወቀው፤ የወንድሙ ትልቁ ስፒከር ነው። ወረቀቱ በአንድ ጎን ተቀዶ በሲጋራ ወረቀትና በኮላ ተጠግኗል። የጠገነው እሱ ራሱ ነው።

“ከየት አመጣሽው?”

“ከእማዬ ቁም ሳጥን ላይ። የአባዬን ማጉያ ለሰው ስትሰጥ ይሄን አስቀርታው ነበር። ድምፁን ሲወደው ለጉድ ነው አለችኝ።” ጣቷን ቀሰረችበት። “ስምንት ኦም ነው፣ ካንተ ማጉያ ጋር ይስማማል። አንብቤ ነው የመጣሁት፤ እንዳትሸውደኝ።”

ሁለቱን ሽቦዎች አገናኘ። ሰካው፣ አበራው። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ስፒከሩ እምምም ማለት ጀመረ።

ሚጢ አንድ ክር መታች። ድምፁ ጠባቧን ሱቅ ሞላት፤ የግድግዳ ሰዓቶቹ መስታወት ነዘረ። ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ ቁርጥ አባቷ ናት። ሰዓት ሠሪው ወንድሙ እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበት መሰለውና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

“ይሄ ነው! በቃ ይሄ ነው!” አለች። “ግን ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?”

“እነዚያኞቹም ላይ ነበረ። ስፒከሩ ትልቅ ሲሆን ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያወጣ ይሰማል።”

“ታዲያ እሱን አጥፋልኛ ጋሼ፣ አንተ አያቅትህ!”

ቃል በቃል። ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሞተበት ቀን፣ ሰርገኞቹ ወደ አዳራሹ ሊገቡ ሩብ ሰዓት ሲቀር ያለው ይህንኑ ነበር። “እሱን አጥፋልኝ፣ አንተ አያቅትህ።” ሰዓት ሠሪው ሙገሳ ይወዳል፤ አጠፋለት። ስፒናውን ፈትቶ የመሬቱን ሽቦ አላቀቀው። ጉርምርምታው ጸጥ ሲል ወንድሙ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ክሩን እንደያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ነካ፤ ኤሌክትሪኩ ያዘው።

የሚጢ ድምፅ ለስለስ አለ። “ምን እያሰብክ እንደሆነ አውቃለሁ። የማጉያው ጥፋት አልነበረም እኮ። ፖሊስ መርምሮ ደህና ነው ብሎ የለ? ያ የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ነው ጉድ የሠራን። የሥራውን ይስጠው።”

እውነት ነው፤ ፖሊስ ሲመረምረው ማጉያው ደህና ነበር። ሰው ሁሉ ወንድሙን ከቦ ሲጮህ ሰዓት ሠሪው ከመድረኩ ጀርባ ተንበርክኮ፣ እንባው ዓይኑን እየጋረደው፣ ሽቦውን መልሶ አስሮት ነበር። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አያውቅም። ኤሌክትሪሺያኑ “የአዳራሹን መስመር አበላሽተሃል” ተብሎ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ ሲፈታም ሥራ የሚሰጠው አጣ። ወንድሙ በታሰበ ቁጥር ቤተሰቡ ያንን ሰው ሲረግም፣ ሰዓት ሠሪው ዓይኑን በጨው ታጥቦ አብሮ አሜን ይላል።

እምምም ይላል ስፒከሩ።

“ጋሼ?”

እጁ ካቻቢቴው ላይ አርፏል። ቀላሉ መንገድ ጠፍቶት አይደለም። “የአባትሽ አርጅቷል፣ አይቆይልሽም” ብሎ አዲሱን ቢገጥምላት ጉርምርምታውም አይሰማ፣ ጥያቄውም አይመጣ። ታምነዋለች። ያንገበገበውም ይኸው ማመኗ ነው።

“አላጠፋውም” አላት።

“ለምን?”

“አንዴ አጥፍቼዋለሁ። ለአባትሽ።” ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። “ስፒና ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ። አንደኛው ሰው እንዳይሞት ነው የሚገባው። እሱን ነቀልኩት። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ መልሼ አሰርኩት። ያ ሰው ምንም አላደረገም ሚጢ። እኔ ነኝ።”

ፊቷን ለማየት አልደፈረም። ያየው እጇን ነው፤ ስድስቱንም ክር ጨብጣ ይዛለች። ከዚያ ተነስታ ማጉያውን ራሷ አጠፋችው፣ ራሷ ነቀለችው። ጉርምርምታው ቆመ።

“እማዬ ታውቃለች?”

“ማንም አያውቅም።”

“ሰውየው በሕይወት አለ?”

“አለ። አውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ ጫማ ይሰፋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አሥራ ሁለት።”

“የሚገባበትን ሰዓት ሳይቀር ታውቃለህ” አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። “ይህን ሁሉ ዓመት ሰዓቱን ታውቃለህ!”

አለቀሰች። እሱ እጁን ሊዘረጋ ብሎ መልሶ ሰበሰበው፤ በየትኛው እጁ ይንካት? ሽርጡን ፈታ፣ ኮቱን ከምስማሩ አወረደ።

“ሁለት ጊዜ እስከ ፌርማታው ሄጃለሁ” አላት። “ሁለቴም ተመልሻለሁ።”

ሚጢ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። ጊታሩን ከስፒከሩ አጠገብ አስተኛችው።

“ስፒከሩን…” አለ ሰዓት ሠሪው፣ ምን ሊል እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው።

“እሱ ይቆይ።”

በሩ ጋ ሲደርሱ እንደ ወትሮው እንድታልፍ ገለል አለላት። አላለፈችም።

“አንተ ቅደም” አለችው። “እኔ ከኋላህ ነኝ።”

ቀደመ።