ለኦድቫር የተዛቀ ጭቃ

አይለርትና ኦድቫር አንድ ቤት፣ አንድ ጀልባና አንድ ሬዲዮ ይዘው ያረጁ ወንድማማቾች ነበሩ። ሁለቱም ሚስት አላገቡም። ታላቁ ኦድቫር ሰባ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አይለርት በአራት ዓመት ያንሰዋል። ጉልበታቸው መረብ ለመጎተት አልበቃ ሲላቸው ጀልባቸውን ይዘው ለእኛ ላቦራቶሪ መሥራት ጀመሩ። እኛ ከባሕሩ ወለል ጭቃ እናወጣለን፤ ከጭቃው ባክቴሪያ እንለያለን፤ ከባክቴሪያው ደግሞ መድኃኒት እንፈልጋለን። እኔ ጉድሩን እባላለሁ። በዚያ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ።

አይለርት መሪ ይይዛል፤ ኦድቫር የብረት መዛቂያውን በገመድ ወደ ታች ይለቃል። መዛቂያው ጥቁር ጭቃ ጎርሶ በወጣ ቁጥር ኦድቫር አፍንጫውን ይዞ ይጠራኛል።

«ጉድሩን፣ ነይ ምሳሽ ደርሷል!»

«እስቲ ቅመስና ጨው ካነሰው ንገረኝ።»

«ምን ያንሰዋል! አርባ ዓመት ሙሉ አይለርት ያበሰለውን ለበላ ሰው ይሄ የሠርግ ምግብ ነው።»

«ሰምቻለሁ!» ይላል አይለርት ከመሪው ክፍል ውስጥ። «ዛሬ ማታ ራስህ ታበስላለህ!»

4117 ብለን የመዘገብናት ባክቴሪያ የተገኘችው ስትራንድቪካ ከምትባል ትንሽ ወሽመጥ፣ ከሠላሳ ሜትር ጥልቀት በወጣ ጭቃ ውስጥ ነው። ጭቃውን አድርቄ፣ በባሕር ውኃ በጥብጬ፣ ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ በረጋበት ሳህን ላይ ቀባሁት። ስድስት ሳምንት ምንም አልታየም። በሰባተኛው የጠመኔ ዱቄት የመሰለች ነጭ ነጥብ ብቅ አለች። ክዳኑን ስከፍተው ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ። ከዚያ በየሆስፒታሉ መድኃኒት አልበግረው ያለውን ጀርም ከጎኗ ዘራሁ። በማግስቱ ጀርሙ ሳህኑን ሞልቶት ነበር፤ በእሷ ዙሪያ ግን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ጥርት ያለ ቀለበት ቀርቷል። እዚያ ድርሽ ያለ የለም።

አለቃችን ዶክተር ሄልጌ ቀለበቱን በማስመሪያ ሦስት ጊዜ ለካው። ባክቴሪያዋ የምታመነጨውን ነገር ሲመረምሩት እስከዚያ ቀን ከሚታወቅ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር አልገጠመም። የአካባቢው ጋዜጣ መጣና ሁለቱን ወንድማማቾች ከነመዛቂያቸው ፎቶ አነሳ። እነሱም ገጹን ቆርጠው ወጥ ቤታቸው በር ላይ ለጠፉት።

ከዚያ መልካም ነገር ሁሉ በአንድ መንፈቅ ውስጥ አለቀ። ኦድቫር በረዶ የጋገረው የጀልባ ወለል አንሸራትቶት ዳሌው ተሰበረ። ብረት ገባለት፤ ቁስሉ ግን አልጠግግ አለ። ሐኪሞቹ ደጋግመው ከፈቱት፤ መግል ነው የሚወጣው። ውስጡ የገባው እኔ ሳህን ላይ የምዘራው ዓይነት ጀርም ነበር።

በዚያው ሰሞን 4117 ዝም አለች። ቀለበቷ መጀመሪያ ጠበበ፤ ቀጥሎ ክር አከለ፤ ከዚያ ጠፋ። እሷ አልሞተችም። እንዲያውም ወፍራ፣ ነጭ ሆና ታድጋለች፤ መድኃኒቷን መሥራት ብቻ ተወች። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ ከባሕር በታች በረሃብና በጠላት መሃል የኖረ ፍጥረት ሳህን ላይ ሲጠግብ መሣሪያውን ይጥላል። አስራብናት። በብርድ አሳደግናት። ከጠላቶቿ ጋር አንድ ሳህን ላይ አዋልናት። ዘሯን በበረዶ ያስቀመጥንባቸውን ብልቃጦች አንድ በአንድ አወጣን፤ እነሱም ዝም። መጀመሪያ ያመነጨችውን ጥቂት ነገር ደግሞ ስንመረምር ጨርሰነው ነበር።

የቀረን ወደ ስትራንድቪካ መመለስ ብቻ ሆነ። አይለርት ብቻውን ወሰደን፤ መዛቂያውን ሄልጌ ለቀቀው። ሲወጣ መንጋጋው መሃል ስለታም ግራጫ ድንጋይ ተሰንቅሮበታል። ሁለተኛም ሦስተኛም ያው ነው። ከተራራው ማዶ መንገድ ለማውጣት ዋሻ ሲፈለፍሉ የወጣው ድንጋይ በሙሉ እዚያ ወሽመጥ ውስጥ ተደፍቶ ኖሯል።

«በቃ፣ እንመለስ» አለ ሄልጌ።

«እንዴት በቃ?» አለ አይለርት። «ባሕሩ ሙሉ ጭቃ አይደለም እንዴ?»

ሄልጌ የመዛቂያውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪው በር ላይ አራት የማርማላታ ጠርሙሶች ተደርድረው አገኘሁ፤ አፋቸው ድረስ ጭቃ። በያንዳንዱ ላይ የቦታው ስምና ጥልቀቱ ተጽፏል። አይለርት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ለኦድቫር ነው» አለኝ። «ቶሎ ቶሎ በይበት እንጂ፣ ሰውዬው እኮ እያለቀ ነው።»

ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አንድ ነገር ብናገኝ እንኳ ከሳህን ተነስቶ ፋርማሲ ለመድረስ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ጠርሙሶቹን ተቀብዬ ገባሁ። ሄልጌ አይቶ ተቆጣ፤ የራሳችን ሥራ ተቆልሎ የሽማግሌ ጠርሙስ ስታሻሺ ትውያለሽ አለኝ። በምሳ ሰዓቴ ነው የምሠራው አልኩትና ተወኝ።

አንድ እሁድ ቀን ግን እውነቱን ልንገረው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። አይለርት ባሕር ላይ ነበር። ኦድቫር ሳሎን ውስጥ በተዘረጋለት አልጋ ላይ ተኝቷል፤ አጠገቡ የተቀቀለ ዓሣና ድንች ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል።

«ልትነግሪው ነው የመጣሽው?» አለኝ፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ።

«ምኑን?»

«እሱንማ ታውቂዋለሽ። ሐኪሟ ነግራኛለች። አሁን አግኝታችሁ ቢሆን እንኳ የሚደርሰው ለልጅ ልጆቼ ነው፤ እነሱን ደግሞ መውለድ ረስቻለሁ።» ሊስቅ ሞክሮ አመመው። «ስሚ፣ አይለርት እዚህ ሲቀመጥ እግሬን ሲያይ ይውላል። ምግብ አይበላም። ማታ ትንፋሼን ይቆጥራል። ጭቃ ሊዝቅ ሲወጣ ግን ርቦት ይመለሳል። ሰው ይመስላል። ተቀበይው።»

«ዋሺው እያልከኝ ነው?»

«ቀቢ ነው ያልኩሽ። ጭቃ መቀባት ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

«ቢጠይቀኝስ?»

«አይጠይቅሽም። ፈሪ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።» ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። «አደራሽን፣ ጉድሩን።»

አደራውን ተቀበልኩ። ያን ክረምት አርባ ሦስት ጠርሙስ ቀባሁ። ከአንዱ ቀለበት ወጣ፤ ሰፊ ባይሆንም ቀለበት ነበር። አይለርት ሳህኑን ካላሳየሽኝ ብሎ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ አየው። «ይሄ ነው?» አለኝ። «ገና ነው፣ ይመረመራል» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመመርመሪያ መሣሪያው መልስ መጣ፤ እኛ ሳንወለድ ከአፈር የተገኘ አሮጌ መድኃኒት ነው። የኦድቫር ጀርም እሱን ከለመደው ቆይቷል።

«ይሄኛው አልሆነም» አልኩት።

«እሺ፣ ራቅ ካለ ቦታ አመጣለሁ» አለና ወጣ።

እውነትም ራቀ። ከውጭኞቹ ደሴቶች ማዶ፣ እኛ ሄደንበት ወደማናውቅ ጥልቀት ይሄድ ጀመር። አንዳንዴ ሁለት ቀን ይቆያል። የማዘጋጃ ቤቷ ነርስ ለኦድቫር ጠዋትና ማታ ትመጣለች።

ኦድቫር የሞተው በየካቲት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ነርሷ ቁስሉን ልታጥብ ስትገባ ትኩሳቱ ጣራ ነክቶ አገኘችው። አምቡላንስ እስኪመጣ እጁን የያዘችው እሷ ናት። አይለርት በሬዲዮ ተጠራ፤ ግን ማዕበል ነበር፣ ደሴቶቹ ደግሞ ሩቅ ናቸው። ዓርብ ቀትር ላይ ወደብ ሲገባ ጀልባው ላይ ሦስት ጠርሙስ ነበር። ሰዎች ነገሩት። እሱም ገመዱን በሥርዓቱ አሰረና ቁጭ አለ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለቀብርተኛው ዳቦ በሳልሞን ቀረበ። አይለርት ሳህኑን ሳይነካ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለ። «ከነዚያ ጠርሙሶች አንዱ ቢሰምር ኖሮ ኦድቫር ይድን ነበር?»

«አይድንም ነበር።»

«መቼ ነው ይሄን ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ።

«ሠላሳ ስምንት ቀን ባሕር ላይ ነበርኩ። ማስታወሻዬ ላይ አለ። ሠላሳ ስምንት ቀን እሱ ብቻውን ተኝቶ እኔ ጭቃ ስዝቅ። አጠገቡ እቀመጥ ነበር እኮ። ምንም ባላደርግለት እቀመጥ ነበር። በመጨረሻው እንኳ ነርስ ናት የያዘችው።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ዝም ብለሽ ታስዝቂኝ ነበር?»

ኦድቫር ነው የለመነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ብናገራት ነፃ እወጣለሁ። ግን ምን ብዬ? ወንድምህ አጠገቡ እንዳትሆን ፈልጎ ነበር ልበለው? መቀመጥህ ከብዶት፣ ዓይንህ ከብዶት፣ በእኔ አድርጎ ወደ ባሕር ይልክህ ነበር ልበለው? ዋጥኳት።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ አይለርት።»

«ምኑ ይደረግልሻል!» ብሎ ተነሳ። ባርኔጣውን ረስቶ ነበር የወጣው፤ ቄሱ ናቸው ተከትለው የሰጡት።

በሚቀጥለው በጋ ሥራችን ተዘጋ። ሄልጌ ሌላ ከተማ ሄደ፤ እኔን ለዓሣ እርባታዎቹ ውኃ መርማሪ አደረጉኝ። ላቦራቶሪውን ከመልቀቄ በፊት 4117ን ለመጨረሻ ጊዜ አሳደግኋት፤ ምንም የለም። አይለርት ጀልባውን ከባሕር አውጥቶ ቤቱ ጎን አቆመው። ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ወደ ሌላኛው መደርደሪያ ይዞራል፤ ሻጯም ለምዳዋለች፣ እኛን ለማስታረቅ መሞከር ትታለች።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሱ ሰባ ስድስት ደርሷል። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጃለሁ። በመስኮት አየሁት፤ ብቻውን ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ልንገረው ወይስ አልንገረው እያልኩ በረዶው ላይ ቆሜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ።