መልቀቂያዬን ሊያስመልሱ የመጡት ሽማግሌዎች

የሥራ መልቀቂያዬን ያስገባሁት ዓርብ ዕለት ነው። እሑድ ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ በድሉ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌ የሚላከው ለትዳርና ለጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለሥራ አስኪያጅም ይላካል ለካ።

ሜክሲኮ ያለውን የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅታቸውን ስድስት ዓመት መርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራዬን ስወደው ለጉድ ነበር። ባለፈው ወር ግን የዘጠኝ ዓመት ልጄ የሴና ትምህርት ቤት ስሄድ አስተማሪዋ «እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ እስር ቤት ሆነብኝ። ለሴናም ሥራውን እንደምተው ቃል ገባሁላት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሐጂ ሺፋ፣ ጋሽ ዘነበ፣ ሦስተኛው ደግሞ የገዛ አባቴ። ጋሽ በድሉ ሲያውቁበት! ባለቤቴ ገዳ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሺፋ።

«ሐጂ፣ ልጅ አለችኝ እኮ። እባክዎ ቁጭ ይበሉና እናውራ።»

«እሱን መች አጣነው? ግን አንቺ ከወጣሽ ያ ቤት አለቀለት። እንዳንቺ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?»

እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እዚያው ቆሜ ራሴን ታዘብኩት።

ሩብ ሰዓት አለፈ። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ግንባሩን አልቦታል።

«አባባ፣ አንተ እንኳን ተቀመጥ» አልኩት።

«ሰው ፊት አታሳፍሪኝ፣ ልጄ።»

ገዳን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«እሺ» አልኩ።

ያኔ ተቀመጡ። ለስላሳ ጠጡ፤ ቆመው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ሲወጡ ሴና ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ እኔም ሽማግሌ ብልክብሽ እሺ ትይኛለሽ?»

«እልሻለሁ።»

«ማንን ልላክ?»

ልትልክ የምትችለው አያቷን ነበር፤ እሱ ደግሞ ለጋሽ በድሉ ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ገና ደረጃውን ወርዶ አልጨረሰም።