እኩል ያልጮኹት ስፒከሮች

የሁለቱ ስፒከሮች ድምፅ እኩል አልነበረም፤ የተበላሸው ይኸው ነው።

ሞሃዲ ግን እኩል አድርጋው ነበር። የደቡብ አፍሪካዋ ማሜሎዲ ሰፈር የጃዝ ማኅበርተኞች እሁድ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ከመሰብሰባቸው በፊት የሁለቱንም ድምፅ በስልኳ ለክታ፣ የድምፅ ማዞሪያው ለእያንዳንዳቸው የት መቆም እንዳለበት በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ሁለቱንም በአንሶላ ጋረደች። አንዱን አባቷ ሌሲባ እንጨቱን ራሱ ቆርጦ ነው የሠራው፤ ሌላው ከፕሪቶሪያ ሱቅ የመጣ ነው። ማኅበሩ አንዱን ይገዛል። የእሱ ካልተመረጠ መጋዙን ሊሸጥ አባቷ ምሏል።

መጀመሪያ የአባቷ ተሰማ። ሰዎቹ የጨጓራ ወጣቸውን እየበሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ያው ሸክላ በሱቁ ስፒከር ተደገመ፤ ሽማግሌው ንታቴ ፋላም ባለሁለት ቀለም ጫማቸውን እያንሸራተቱ ለጭፈራ ተነሡ። እዚያ ቤት ሽማግሌ ሲጨፍር ድምፅ አለመጨመር ነውር ነው። ሸክላ የሚያጫውተው የማቱሜ እጅ በልማድ ወደ ማዞሪያው ሄዶ ከጠመኔው ምልክት አሳለፈው።

«ኧረ ዝቅ ያድርጉት!» አለች ሞሃዲ።

«ሽማግሌ እየጨፈረ? ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው ያስተማረሽ?» አለ ማቱሜ።

ድምፅ ሲሰጥ እጆች ሁሉ ለሁለተኛው ወጡ። የአባቷም እጅ አብሮ ወጣ።

አንሶላው ሲነሣ የተመረጠው የሱቁ ሆኖ ተገኘ።

«እንደገና ይሰማ!» አለች። «የጮኸ ሁሉ ለጆሮ ያምራል። ንታቴ ፋላ፣ ለመጀመሪያው ለምን አልተነሡም?»

«ሳህን ይዤ ነዋ፣ ልጄ! ጨጓራ ጥዬ ልነሣ?»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ያልተነሡት በሳህኑ እንጂ በስፒከሩ ምክንያት እንዳልነበረ ማንም አላስተዋለም።

ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ። ማቱሜ ድምፁን ሲጨምር ሰምተሃል።»

«የሰማሁት ጥሩ ድምፅ ነው።»

«ስለጮኸ እኮ ነው!»

«የእኔ መስሎኝ ነበር እጄን ያወጣሁት።» ቀና ብሎ አላያትም። «የገዛ ሥራውን ከሰው ሥራ ያልለየ ጆሮ ምን ይሠራበታል?»

ሞሃዲ ማዞሪያውን ምልክቱ ላይ መልሳ ሸክላውን አስነሣች። የአባቷ ስፒከር ጥርት ብሎ ዘፈነ። ማኅበርተኞቹ የሱቁን ስፒከር ማን በመኪናው እንደሚወስደው ይከራከሩ ነበር።

«አሁን ስማው፣ አባዬ። አንዴ ብቻ።»

ሌሲባ ኮፍያውን ከወንበሩ አነሣ። ሸክላው ገና እየዞረ ሳለ እሱ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው።